ክፍት በርና ንቁ ዘበኛ

አንድ ቤት በሚሠራበት ጊዜ መንገደኛው ሁሉ እየገባ ያሻውን ድንጋይ ቢያነሣ፣ ያሻውንም ቢጨምር፣ ያ ቤት ጣራው ሳይከደን እንደሚፈርስ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሥራ ባለቤት ይፈልጋል፤ ባለቤት የሌለው ሥራ የማንም መጫወቻ ይሆናል ሲባል ሰምተን አድገናል። ይሁን እንጂ በዘመናችን ይህን የቆየ እምነት የሚፈትን አንድ ታላቅ ሥራ አለ። ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች እጃቸውን አሳርፈውበታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት በአካል ተያይተው አያውቁም። ማንም ሰው፣ በየትኛውም አገር ይኑር፣ «ይህ ቢለወጥ ይሻላል» ብሎ ሐሳቡን ሊያቀርብበት ይችላል። ሆኖም ሥራው አልፈረሰም፤ ይልቁንም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ ሄዷል። ይህ ሥራ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው።

ስሙን ሰምተው የማያውቁ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ሳይጠቀሙበት የዋሉ ግን ጥቂቶች ናቸው። በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው ተመርጠው በሚመዘገቡት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ የሚሠራውም እርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በሩ ለሁሉ ክፍት የሆነ ቤት እንዴት ሳይበላሽ ሊቆይ ቻለ? መልሱን ስናገኝ ለኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ብቻ ሳይሆን በፋይልና በፊርማ መካከል ለሚውል ለማንኛውም ሠራተኛ የሚጠቅም ትምህርት እናገኝበታለን።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ኮምፒዩተር ማናቸውንም ሥራ የሚሠራው ሰው በጻፈለት ትእዛዝ ነው። ብዙ የንግድ ኩባንያዎች ይህን የትእዛዝ ጽሑፍ እንደ ምሥጢር ይጠብቁታል፤ ገዢው በሥራው ይጠቀማል እንጂ ጽሑፉን አያየውም። ኦፕን ሶርስ፣ ማለት ምንጩ የተገለጠ ሶፍትዌር፣ የሚባለው ግን ጽሑፉን ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊቀዳውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ነው። ለዚህ ሐሳብ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ናቸው። እርሳቸው በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲጀምሩ፣ ኋላም የፈቃድ ውል ሲያዘጋጁ፣ የውሉ ፍሬ ነገር «ይህን ሥራ አሻሽሎ ለሌላ የሚያድል ሰው፣ እርሱ የተቀበለውን ነጻነት ለተቀባዩም ያስተላልፍ» የሚል ነበር።

በነሐሴ 1991 በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ ይማሩ የነበሩት የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ለራሳቸው ኮምፒዩተር የሚሆን ሥርዓት በመጻፍ ላይ መሆናቸውን ለሌሎች አስታወቁ። በጊዜው ነገሩ የትርፍ ሰዓት መዝናኛ እንጂ ታላቅ ሥራ ይሆናል ብለው አላሰቡም ነበር። የመጀመሪያው እትም 10,000 መስመር ያህል ብቻ ነበረው፤ ዛሬ ግን ከ30 ሚሊዮን መስመር አልፏል። በ1992 ሥራቸውን በስቶልማን የፈቃድ ውል ሥር ባወጡት ጊዜ በሩ ለሁሉ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። የሊኑክስን ጽሑፍ መቅዳትና በራስ ቅጂ ላይ እንዳሻ መለወጥ የሁሉም ሰው መብት ነው። ያንን ለውጥ በዋናው፣ በጋራው መዝገብ ውስጥ ማስገባት ግን የሁሉም መብት አይደለም። በሩ ክፍት ነው ማለት በበሩ ላይ ዘበኛ የለም ማለት አይደለም።

አንድ ለውጥ የሚሄድበት መንገድ

እንበልና በህንድ አገር የሚኖር አንድ ተማሪ በሊኑክስ ውስጥ ስሕተት አገኘ። በመጀመሪያ በራሱ ቅጂ ላይ ያርመዋል። ከዚያም ከነባሩ ጽሑፍ የትኛው መስመር እንደ ተሰረዘ፣ የትኛውም እንደ ተጨመረ ለይቶ የሚያሳይ የለውጥ ጽሑፍ ያዘጋጃል። በራስጌውም ችግሩ ምን እንደ ነበረና ለምን በዚህ መንገድ እንደ ተፈታ በተራ ቋንቋ ያስረዳል። ደንቡ አንድ የለውጥ ጽሑፍ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲይዝ ያዝዛል። አምስት ጉዳይ ጠቅልሎ የላከ ሰው «ለያይተህ አምጣው» ተብሎ ይመለስበታል፤ ምክንያቱም አንድ ላይ የታሰረ ነገር መርማሪውን ያደክማል፤ በደከመ ዓይን ፊት ደግሞ ስሕተት በቀላሉ ያልፋል።

ጽሑፉ ለማን ይላካል? ሊኑክስ በብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል የኔትወርክ፣ ሌላው የፋይል አያያዝ፣ ሌላውም የድምፅ መሣሪያ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ አለው፤ የኃላፊዎቹም ስም ከሥራው ጋር አብሮ በሚሰራጭ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ባለጉዳዩ «ጉዳዬ ከማን ዘንድ ነው?» እያለ ከቢሮ ወደ ቢሮ አይንከራተትም። ጽሑፉ የሚሄደው በኢሜይል ሲሆን፣ ለኃላፊው ብቻ በስውር ሳይሆን በክፍሉ ሥራ ለሚካፈሉት ሁሉ በአደባባይ ነው። ከተቀባዮቹም ማንኛውም ሰው «ይህ መስመር በዚህ ምክንያት ትክክል አይደለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ላኪው አርሞ ሁለተኛ ቅጂ ያቀርባል፤ ካልበቃም ሦስተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥረኛ። የተቀበሉበት ምክንያትም ሆነ የመለሱበት ምክንያት ለዘለዓለም ተጽፎ ይቀመጣል።

በዚህ ሥርዓት ዝምታ ፈቃድ አይደለም። መልስ ሳያገኝ ሳምንታት የሚቆይ ለውጥ አለ፤ ላኪውም የሚመከረው ታግሦ በትሕትና ድጋሚ እንዲልክ ነው። ይህ ለጀማሪ የሚያስቈጣ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ማንም ያላየው ነገር «ተቃዋሚ አልተገኘም» ተብሎ እንዳይገባ ይጠብቃል።

የክፍሉ ኃላፊ ለውጡን ከተቀበለ በኋላም ጉዞው አላለቀም። ከ2008 ጀምሮ የየክፍሉ ሥራ በአንድ የመሞከሪያ ቅጂ ላይ እየተቀላቀለ እርስ በርሱ ይጋጭ እንደ ሆነ ይታያል። ቀጥሎ ሚስተር ቶርቫልድስ አዲስ እትም ሲጀምሩ ለሁለት ሳምንት በር ይከፍታሉ፤ የክፍል ኃላፊዎችም ያዘጋጁትን ያቀርባሉ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ያህል የሚገባው ማረሚያ ብቻ ነው፤ በየሳምንቱም ለፈተና የሚሆን ቅጂ ይወጣል። እንግዲህ አንድ እትም ከ9 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ10,000 የሚበልጡ ለውጦች ይይዛል። አንድ ለውጥ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለተጠቃሚዎች ሲሠራላቸው የነበረውን ነገር ካበላሸ ይታረማል ወይም ይወጣል።

ከ10,000 በላይ ለውጦችን አንድ ሰው መርምሮ ሊጨርስ እንደማይችል ግልጽ ነው። ሚስተር ቶርቫልድስ በክፍል ኃላፊዎቹ ይተማመናሉ፤ የክፍል ኃላፊዎቹም ከእነርሱ በታች ባሉት ይተማመናሉ። ስለዚህ የሥርዓቱ ምሰሶ መተማመን ነው፤ መተማመኑ የሚጸናው ደግሞ በፊርማ ነው።

ፊርማው ምን ማለት ነው?

በመጋቢት 2003 ኤስ ሲ ኦ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «የእኔ ንብረት የሆነ ጽሑፍ በሊኑክስ ውስጥ ገብቷል» በማለት አይ ቢ ኤም የተባለውን ታላቅ ኩባንያ ከሰሰ። ይህ ክስ አንድ ከባድ ጥያቄ አስነሣ፤ በዚህ ሁሉ መስመር ውስጥ እያንዳንዱን ማን እንዳመጣው፣ በማንስ እጅ እንዳለፈ ሊታወቅ ይችላልን? በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2004፣ ሚስተር ቶርቫልድስ አዲስ ደንብ አወጡ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ለውጥ በግርጌው የጸሐፊውን ፊርማ መያዝ አለበት፤ የፊርማውም ትርጉም «ይህን ጽሑፍ የማቅረብ መብት አለኝ» ማለት ነው። ለውጡን ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያሳልፈው ኃላፊም እንዲሁ ይፈርምበታል። ስለዚህ ለውጡ ከታች እስከ ላይ የተጓዘበት መንገድ በስም ተመዝግቦ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ የተለያየ ትርጉም ያላቸው ምስክርነቶች አሉ። «መርምሬዋለሁ» የሚለው አንድ ነው፤ «በመሣሪያዬ ላይ ፈትኜዋለሁ» የሚለው ሌላ ነው፤ «በሐሳቡ ተስማምቻለሁ» የሚለውም ሌላ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያልፈተነ ሰው ፈትኛለሁ አይልም፤ በሐሳቡ ብቻ የተስማማም መርምሬዋለሁ ብሎ አይጽፍም። በየመሥሪያ ቤታችን አንዲት አጭር ፊርማ አንዳንድ ጊዜ «አንብቤያለሁ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ደርሶኛል»፣ አንዳንድ ጊዜም «ከጠረጴዛዬ ላይ ይነሣልኝ» ማለት እንደምትሆን ለሚያውቅ ሰው የዚህ አሠራር ጥቅም ሊሰወርበት አይችልም።

አንድ ሰው ከዐቅሙ በላይ ሲሸከም

ይህ ሁሉ ሥርዓት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1998 ገደማ ለውጡ ሁሉ በሚስተር ቶርቫልድስ እጅ ብቻ ያልፍ ስለ ነበር ብዙ ሥራ ሳይታይ ይቀር፣ ደግሞ ደጋግሞም ይላክ ነበር፤ ሠራተኞቹም በአደባባይ አጕረመረሙ። ሥራው ሲያድግ የአንድ ሰው ጉልበት አብሮ እንደማያድግ ታወቀ። በ2002 ቢትኪፐር የተባለ የለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ሥራ ላይ ዋለ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ የንግድ ኩባንያ ንብረት ነበርና በ2005 ነጻ አገልግሎቱ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሚስተር ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን መዝጋቢ ራሳቸው ጻፉ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የሶፍትዌር ሥራ የሚመዘገበው በእርሱ ነው።

የጊት ብልሃት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ከራሱ ይዘትና ከእርሱ በፊት ከነበረው መዝገብ ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም ቍጥር ይሰጠዋል። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የገባን አንድ ፊደል በስውር ቢለውጥ፣ የዚያ ቍጥር ይለወጣል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ ይለወጣሉ። ገጽ ቀድዶ ሌላ ገጽ ማስገባት የማይቻልበት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

አንዲት ምልክት

የመዝገብ ጥቅም ከጊት በፊትም ታይቶ ነበር። በኅዳር 2003 አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ ዋናውን መዝገብ ሳይሆን ለአንዳንድ ሠራተኞች ምቾት ተብሎ ይዘጋጅ የነበረውን ግልባጭ ሰብሮ ገባና ሁለት መስመር ጨመረ። መስመሮቹ ሲያዩዋቸው ተራ መቈጣጠሪያ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን ሊኑክስ በተጻፈበት ቋንቋ ሁለት የእኩል ምልክት አከታትሎ መጻፍ «እኩል ነውን?» ብሎ መጠየቅ ሲሆን፣ አንድ ብቻ መጻፍ ግን «እኩል ይሁን» ብሎ ማዘዝ ነው። በአማርኛችን «ገና» የሚለው ቃል ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ያለ ነው። ሰውየው «ይህ ተጠቃሚ የኮምፒዩተሩ የበላይ አዛዥ ነውን?» ተብሎ መጻፍ በሚገባው ቦታ «የበላይ አዛዥ ይሁን» ብሎ ጻፈ። ይህ ሳይታወቅ ቢሰራጭ ኖሮ ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው በገባበት ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ ጌታ ይሆን ነበር።

ተንኮሉ የተገኘው ግልባጩ ከዋናው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ነው። ለሁለቱ መስመሮች በዋናው መዝገብ ውስጥ ላኪም፣ አጽዳቂም፣ ምክንያትም አልተገኘላቸውም። አባት የሌለው ለውጥ ሆኖ ስለ ተገኘ ወዲያው ተጣለ።

ዘበኛው ብቻውን ሲቀር

እስካሁን የተናገርነው ሥርዓቱ ሲሠራ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ለሁሉ የተገለጠ መሆኑ ብቻውን አይጠብቅም። የዚህ ሥራ ወዳጆች ብዙ ዓይን የሚያየው ነገር ስሕተቱ አይሰወርም ይላሉ። እውነት ነው፤ ዓይኖቹ በእርግጥ ካዩ ነው። ሁሉም ሊያየው ይችላል ማለትና አንድ ሰው አይቶታል ማለት ግን አንድ አይደለም።

በኢንተርኔት የሚላክ ምሥጢር በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚጠብቅ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለ ሥራ አለ። በ2011 የመጨረሻ ቀን፣ በታኅሣሥ 31፣ አንድ ለውጥ በአንድ መርማሪ ብቻ ታይቶ ገባ። ለውጡ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር «ይህን ቃል መልስልኝ» ሲል መልሶ የሚልክ ነበር። ጠያቂው የሦስት ፊደል ቃል ሰጥቶ «ቃሌ ብዙ ሺሕ ፊደል ነው» ቢል ግን፣ ፕሮግራሙ ሳይቈጥር አምኖ የጐደለውን ከጎኑ ካለው ማኅደር እየቀዳ ይሰጠው ነበር፤ በዚያ ማኅደር ውስጥ ደግሞ የሰዎች የይለፍ ቃልና የምሥጢር ቍልፍ ይገኛል። ስሕተቱ ለሕዝብ የተገለጠው በሚያዝያ 2014 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ጽሑፉ በአደባባይ ተዘርግቶ ነበር፤ የሚያነበው ግን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ይህን ሥራ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ በመዋጮ የሚገኘውም ገንዘብ በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን በዚህ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ማንኛውም ለውጥ ሁለት ሰዎች ሳያጸድቁት እንዳይገባ ተደረገ።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ያሳስባል። ኤክስ ዜድ የተባለውን፣ ፋይል አጥብቆ የሚያሳንስ ፕሮግራም ለብዙ ዓመት በትርፍ ጊዜው ያለ ደመወዝ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር። በ2021 አንድ የማይታወቅ ሰው መጣና ጥሩ ጥሩ ለውጦች ይልክ ጀመር። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች «ሥራው ዘገየ፤ ረዳት ሹም» እያሉ ጠባቂውን ወተወቱት። በመጨረሻም ያ ትጉህ መሳይ ሰው ራሱ አጽዳቂ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ለፈተና ናሙና ናቸው በተባሉ ፋይሎች ውስጥ የተሰወረ ተንኮል አስገባ። መጋቢት 29 ቀን 2024 ነገሩን ያጋለጡት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ ናቸው። እርሳቸውም ነገሩን የደረሱበት ወደ ኮምፒዩተር መግባት ከወትሮው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘግይቶባቸው «ለምን?» ብለው በመመርመራቸው ነው። ተንኮሉ በዓለም ላይ በሰፊው ሳይሰራጭ ቀረ።

መርማሪዎቹን መፈተን የፈለጉም ነበሩ። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ስሕተት ያለባቸውን ለውጦች ሆን ብለው ወደ ሊኑክስ መላካቸው ስለ ታወቀ፣ በሚያዝያ 2021 ከዚያ ዩኒቨርስቲ የሚመጣ ለውጥ እንዳይገባ ታገደ። የቀድሞ ሥራዎቻቸውም እንደገና ተመረመሩ። አብዛኞቹ ትክክለኛ ሆነው ተገኙ፤ ነገር ግን ይህን ለማረጋገጥ የብዙ ሰዎች ድካም ጠፋ። መተማመን አንድ ጊዜ ሲጐድል የሚከፍለው አጥፊው ብቻ አይደለም።

ሰውን ሳይሆን ሥራውን

በመምህርነት ሙያ ያለ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የተማሪን ደብተር በቀይ ቀለም ማረም አንድ ነው፤ ተማሪውን ማዋረድ ሌላ ነው። ሚስተር ቶርቫልድስ ለብዙ ዓመት ስሕተት ላገኙበት ሰው በሚጽፉት ሻካራ ቃል የታወቁ ነበሩ። በመስከረም 2018 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀው ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ዕረፍት ወሰዱ፤ በዚያው ጊዜም የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። ምርመራው ግን አልላላም። ጥብቅ መሆንና ባለጌ መሆን እንደማይተካከሉ ከዚህ ይታያል። «ይህ መስመር በዚህ ምክንያት አይሆንም» የተባለ ሰው አርሞ ይመለሳል፤ «አንተ አትረባም» የተባለ ግን አይመለስም፤ ከእርሱም ጋር ነገ መርማሪ ሊሆን ይችል የነበረ አንድ ሰው ይጠፋል።

እንግዲህ የክፍቱ በር ምሥጢር ይህ ነው። ሐሳብ ለማቅረብ ማዕርግ አይጠየቅም፤ ለማጽደቅ ግን ማንበብ ግዴታ ነው። ያነበበው ሰው በስሙ ይፈርማል፤ የመለሰውም ምክንያቱን ይጽፋል። መዝገቡም ሁሉን ያስታውሳል። ይሁንና ደንቡ ምንም ቢያምር በበሩ ላይ ያለው ዘበኛ ብቻውን ቀርቶ ከደከመ ዋጋ የለውም።

ኮምፒዩተር የሚማሩ ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ ሲመኙ የሚሰማው አዲስ ነገር ለመጻፍ ነው። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን በእነዚህ የጋራ ሥራዎች ከጸሐፊው ይልቅ የጐደለው የሌላውን ጽሑፍ በትዕግሥት የሚያነብ፣ የሚፈትንና «እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ» የሚል ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ማመልከቻም፣ የአገር ልዩነትም አይጠየቅበትም፤ ጎንደር ወይም ጅማ ሆኖ መጀመር ይቻላል። በመሥሪያ ቤት ያለውም ወንድማችንና እኅታችን ነገ ከፊታቸው ፋይል ሲቀርብ፣ ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ራሳቸውን አንድ ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የምፈርመው መርምሬዋለሁ ለማለት ነው፣ ወይስ ከጠረጴዛዬ ላይ እንዲነሣልኝ?